የሳጥኑ ድምፅና የመድፉ ድምፅ

በ1833 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1841) ክረምት፣ ከአንኮበር አጠገብ፣ በሸዋው ንጉሥ በሣህለ ሥላሴ አዳራሽ ውስጥ አንድ ሳጥን ዘፈነ። ሳጥኑ ውስጥ አዝማሪ አልነበረም። ጥቃቅን እሾህ የተተከለባት በርሜል ስትሽከረከር የብረት ማበጠሪያ ጥርሶችን እየነካች ታልፋለች፤ የሚዘፍኑት ጥርሶቹ ናቸው። ዜማው ለእንግሊዝ ንግሥት የሚዘመረው መዝሙር ነበረ። ሳጥኑን ያመጣው ከቦምባይ መንግሥት የተላከው የካፒቴን ሐሪስ ቡድን ሲሆን፣ ሐሪስም የሆነውን ሁሉ እ.ኤ.አ. በ1844 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አስፍሮታል። አዳራሹ ክብ ነበረ። ግድግዳው ወፍራም ጭቃ፣ ጋሻና ጠመንጃ፣ የብርም ጌጥ የተሰቀለበት ነው። ወለሉ በየዓይነቱ ምንጣፍ ተሸፍኗል። በዚያ ምንጣፍ ላይ ሳጥኑ ሲዘፍን፣ ሰዓቱ ሲደውል፣ የእንግዶቹ ወታደሮች ደግሞ በመካከል ቆመው የጠመንጃ አያያዝ ትርዒት ያሳዩ ነበር።

ከሳጥኑ አስቀድሞ ግን ሌላ ድምፅ ተሰምቷል። እንግዶቹ የአዳራሹን ደፍ ከመርገጣቸው በፊት መድፍ ተተኩሶ፣ ተራሮቹ እየተቀባበሉ አስተጋብተውታል። ከሳጥኑም በኋላ ከንጉሡ እግር ሥር 300 ጠመንጃ ከነሳንጃው ተከመረ። ንጉሡ በሳጥኑ ተደነቁ፤ በጠመንጃው ግን ምስጋናቸው ወሰን አጣ። እንግዲህ እኔ እስከማውቀው ድረስ፣ ሰው ሳይኖርበት የሚናገር ሳጥን ወደ ሰሜን ሸዋ ሲገባ በመድፍ ታጅቦና በጠመንጃ ተከትሎ ነው የገባው ማለት ነው።

ይህን ታሪክ ካነበብኩት ቆይቻለሁ፤ ከምንም አልቆጠርኩትም ነበር። ያስታወሰኝ ባለፈው ዓመት የደረሰብኝ ነገር ነው። ነገሩ ተራ ነው፤ ለቤታችን የድምፅ ሳጥን፣ ማለትም ስፒከር፣ ልገዛ ወጣሁ።

ቤታችን ደብረ ብርሃን ነው። መቼም ከተማችን የምትታወቀው በድምፅ ሳይሆን በብርሃን ነው፤ በ15ኛው ምዕተ ዓመት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከሰማይ ብርሃን አዩባት ተብሎ ነው ስሟ የወጣላት። ከዚያ በተረፈ የምትታወቀው በብርዷ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ፣ ሰው ከመሸ በኋላ በርና መስኮቱን ዘግቶ አንድ ክፍል ውስጥ ይሰበሰባል። የእኛም ሳሎን ያቺው አንድ ክፍል ናት፤ ርዝመቷ 4 ሜትር፣ ስፋቷ 3 ሜትር። ሁለት ግድግዳዋ የድሮው ጭቃ ነው፣ ሁለቱ ኋላ የተጨመሩ ብሎኬት ናቸው። በዚህች ክፍል አባቴ፣ እናቴ፣ እኔና እቴቴ ቴሌቪዥን እናያለን።

አባባ ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሾፌር ናቸው። ኢጣሊያኖች በቆፈሩት በጣርማ በር ዋሻ ስንት ጊዜ እንዳለፉ ቁጥሩን ራሳቸውም አያውቁትም። አሁን ጆሯቸው ደክሟል። የእርጅና ጆሮ ደግሞ ሁሉንም ድምፅ እኩል አይጥልም፤ ወፍራሙን ይዞ ቀጭኑን ይጥላል። የሰው ድምፅ ይሰማቸዋል፣ ቃሉ ግን አይለይላቸውም። አንድ ምሽት በድራማው ውስጥ ያለችው ሴት «ሰውየው ከበረ» ስትል «ሰውየው ቀበረ» ብለው ሰምተው፣ «ማንን ነው የቀበረው?» ሲሉ ጠየቁን። ሳቅን፤ እርሳቸውም አብረውን ሳቁ። በማግስቱ ግን ድራማው ሲጀምር ተነሥተው መኝታቸው ገቡ። እኔም ስፒከር ለመግዛት የቆረጥኩት ያን ዕለት ነው። ለነገሩ ጥፋቱ የአባባ ጆሮ ብቻ አልነበረም። ዛሬ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ቴሌቪዥን ስስ በመሆኑ ስፒከሩም አብሮ አንሷል፤ አብዛኛውን ጊዜም ፊቱ ወደ ታች ወይም ወደ ኋላ ነው። እኛን ትቶ ከግድግዳው ጋር የሚጫወት ሰው ማለት ነው።

ገንዘቤ ከአንድ ኩንታል ጤፍ ዋጋ አይበልጥም ነበር። ባለ ሱቁ በዚያ ዋጋ አምስት ትናንሽ ስፒከሮችና «ዉፈር» የሚባለው፣ ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ትልቅ ሳጥን ያሉበት ሙሉ የሆም ቴአትር ዕቃ አሳየኝ። ካርቶኑ ላይ «1000 ዋት» ይላል። «ወንድሜ፣ ይኼ ግድግዳ ያንቀጠቅጣል» አለኝ። እውነቱን ነበር። ተሸክሜ ወደ ቤት ገባሁ፤ ዉፈሩን ቦታ ስላልነበረ ከማዕዘን አስጠጋሁት። ማታ ለማስመረቅ ብዬ አንድ የጦርነት ፊልም ከፈትኩ።

መድፉ ሲተኮስ የብርጭቆው መደርደሪያ ጮኸ፤ ወለሉም ተንቀጠቀጠ። ዞር ስል እቴቴ ከተቀመጡበት የሉም። ወደ ጓዳ ገብተው ነጠላቸውን ደርበው፣ ጨለማ ውስጥ አጎንብሰው ጫማቸውን በእጃቸው ይፈልጋሉ።

እቴቴ የአባቴ እኅት ናቸው። ቤታቸው ሸዋ ሮቢት ነበረ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ፣ ሰው ሁሉ ሽቅብ ወደ ደብረ ሲናና ወደ ደብረ ብርሃን ሲሸሽ፣ እርሳቸው የወጡት በአንድ እግር ጫማ ነው። ከዚያ ወዲህ አብረውን ናቸው። ያን ማታ አንድም ቃል አልወጣቸውም። ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ «እቴቴ፣ ፊልም እኮ ነው» ስላቸው «አውቃለሁ፤ እግሬ ነው የማያውቀው» አሉኝ።

ይህን ጊዜ ነው የሐሪስ ሳጥን ትዝ ያለኝ። የዘፈን ሳጥንና መድፍ ለምን አብረው ይመጣሉ? የሚናገር ዕቃ ወደ ቤታችን ሲገባ የሚተኩስ ዕቃ ለምን ይከተለዋል? ነገሩ አጋጣሚ ነው ብዬ ነበር፤ ጥቂት ወደ ኋላ ሄጄ ስመለከተው ግን አንድ ጊዜ ብቻ የሆነ አይደለም።

የሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. የተወለዱት ከደብረ ብርሃን ብዙ በማይርቀው አንጎለላ ነው። አንኮበርም ንጉሠ ሸዋ በነበሩበት ዘመን ከተማቸው ነበረች። ኋላ ንጉሠ ነገሥት ሆነው አዲስ አበባ ሲቀመጡ፣ ያችው በሳጥን መዝሙሯን ለአያታቸው የላከችው ንግሥት ቪክቶሪያ በነሐሴ 1890 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1898) የገዛ ድምፅዋን በሰም በርሜል ላይ ቀርጻ ለምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ላከችላቸው። በርሜሉ በፎኖግራፍ ሲጫወት ለንግሥቲቱ ድምፅ ክብር መድፍ ተተኮሰ። ከተሰማም በኋላ፣ ንግሥቲቱ ባዘዘችው መሠረት፣ በርሜሉ እንዲጠፋ ተደረገ። ምኒልክና ጣይቱ በተራቸው ድምፃቸውን ቀርጸው መልስ ልከዋል፤ የእነርሱ ድምፅ ግን አልጠፋም፣ እስከ ዛሬም ይሰማል።

እንግዲህ በ57 ዓመት ልዩነት፣ ከአንዲት ንግሥት፣ ለአያትና ለልጅ ልጅ ሁለት የሚናገሩ ዕቃዎች ተላኩ፤ በሁለቱም ጊዜ መድፍ ጮኸ። አንድ ልዩነት ግን አለ። የመጀመሪያው ዕቃ ዜማ እንጂ ቃል አልነበረውም፤ ሁለተኛው ቃል ነበረው። ምኒልክም ለቃሉ መልስ ሰጡ። ለመድፍ የሚሰጠው መልስ መድፍ ነው፤ ለቃል ግን ቃል ይመለስለታል። እኔ ለጠባቧ ሳሎኔ ስፒከር በመረጥኩበት ጊዜ የረዳኝ ይኸው አንድ ነጥብ ነው።

በዚያ ዘመን ፎኖግራፍ ኤሌክትሪክ አልነበረውም። መርፌው የሰሙን ፈለግ ተከትሎ ሲንቀጠቀጥ የሚያጎላው እንደ መለከት የሰፋ ቀንድ ብቻ ነው። በዛሬ አነጋገር ዋት የሚባል ነገር አልነበረውም ለማለት ይቻላል። ሆኖም ንጉሠ ነገሥቱ ሰምተው ተረድተውበታል። በዚሁ ዓይነት ቀንድ ነው ምንጃር የተወለዱት ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1908 ዓ.ም. ገደማ ጀርመን አገር ሄደው፣ ከኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው ሆነው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹት። በማይክሮፎን መቅረጽ የመጣው እ.ኤ.አ. ከ1925 ወዲህ በመሆኑ፣ ተሰማ ከነመሰንቋቸው ቀንዱ ፊት ተቀምጠው በጉሮሯቸው ጉልበት ብቻ ዘፈኑ። የሸክላውን ድምፅ ዛሬ ስንሰማው ወፍራሙም ቀጭኑም ጎድሏል፤ የቀረው መካከለኛው ነው። ግን ግጥሙ ይሰማል። ለተሰማ ደግሞ ግጥሙ ነው ዋናው፤ ሰውየው የታወቁት በቃላቸው ነውና። በእኛ አገር ዘፈን ሰምና ወርቅ የሚያርፈው በአንዲት ፊደል ላይ ነው፤ ፊደሏ ካመለጠች ሰሙ ይቀልጣል፣ ወርቁም አይገኝም።

ከሸክላ ቀጥሎ የመጣው ሬዲዮ ነው። አዲስ አበባ ላይ እ.ኤ.አ. በ1935 ሥራ የጀመረው ጣቢያ ወዲያው ወረራው ደረሰበት። ከነጻነት በኋላ እንደገና ሲጀመር ግን ሬዲዮ ያለው ሰው እጅግ ጥቂት ስለነበረ፣ ድምፅ ማጉያ በከተማው አደባባዮች እየተሰቀለ ሕዝቡ ቆሞ እንዲሰማ ተደረገ። ይህ ድምፅ የመንግሥት ድምፅ ነው፤ ከላይ ይወርዳል፣ ዝቅ በል አይባልም፣ ዞር አድርገው አይባልም። ሬዲዮ ወደ ቤት የገባው ቀስ እያለ ነው። በ1955 ዓ.ም. ብሥራተ ወንጌል፣ በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ደግሞ ቴሌቪዥን ተጨመረ። ሬዲዮ በየቤቱ ሲገባ ጎረቤት ያለበት ቤት ይሰበሰብ ነበር።

አባባ እንደሚያጫውቱኝ በልጅነታቸው ሰፈር ውስጥ የነበረው አንድ ሬዲዮ፣ በእንጨት ሳጥን ውስጥ ያለች የእጅ መዳፍ የምታህል አንዲት ስፒከር ብቻ ነበረችው። ሃያ ሰው ዝም ብሎ ያዳምጣል፤ ቃል የሚያመልጠው የለም። እኔ ደግሞ በስድስት ስፒከርና በ1000 ዋት ለአራት ሰው አንዲት ቃል ማሰማት አቃተኝ።

ለዚህ ምክንያቱን ለማወቅ ሆም ቴአትር የሚባለው ነገር ከየት እንደመጣ መመልከት ያስፈልጋል። ስሙ እንደሚለው፣ ነገሩ የተወለደው ለትልቅ አዳራሽ ነው። ሲኒማ አገራችን ሲገባ ሕዝቡ ቤቱን «ሰይጣን ቤት» ይለው እንደነበር የታወቀ ነው፤ ያ ሰይጣን ግን ድዳ ነበረ። ሲኒማ መናገር ከጀመረ በኋላ ድምፁ እየተባዛ ሄዶ፣ እ.ኤ.አ. በ1992 «ባትማን ሪተርንስ» የተባለው ፊልም ሲወጣ በዶልቢ ዲጂታል አምስት የድምፅ መስመርና አንድ የወፍራም ድምፅ መስመር ይዞ መጣ። «5.1» የሚባለው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ዲቪዲ ሲወጣ ደግሞ የአዳራሹ ዕቃ ተጨምቆ ወደ ሳሎን ገባ። አንደኛዋ መስመር፣ ማለትም ዉፈሩን የምታናግረዋ፣ በዋነኛነት የተሠራችው ለፍንዳታ፣ ለነጎድጓድና ለመድፍ ነው። ያ መድፍ አሁንም ሳጥኑን እንደተከተለው ነው።

እኛም አገር ይህንኑ የለመድነው ከአዳራሽና ከአደባባይ ነው። በልጅነቴ ደብረ ብርሃን ውስጥ ቪዲዮ ቤቶች ነበሩ፤ የካራቴና የህንድ ፊልም ያሳያሉ፣ ስፒከሩን በር ላይ አውጥተው ተመልካች ይጠሩበታል። ለሠርግና ለስብሰባ የሚቆመውን ትልቅ ስፒከር «ሞንታርቦ» እንለዋለን፤ የአንድ የኢጣሊያ ፋብሪካ ስም መሆኑን የሚያስታውስ የለም። ከዚህ የተነሣ «ጥሩ ድምፅ» ስንል በልባችን ያለው «ከሩቅ የሚሰማ ድምፅ» ነው። ቤታችን ግን 3 በ4 ነው። ከዚያ ውስጥ ሩቅ የሚባል ቦታ የለም።

ዕቃውን ለባለ ሱቁ መለስኩለት፤ ከዋጋው ቆርጦ ተቀበለኝ፣ አልተከራከርኩም። ከዚያ ጋሼ እያልን ወደምንጠራቸው አንድ የቀድሞ ሬዲዮ ጠጋኝ ሄድኩ። የሆነውን ስነግራቸው ስለ ስፒከሩ ገና ሳይጠይቁ «ቤቱ ስንት በስንት ነው?» አሉኝ። «ሰው ጫማ ሲገዛ እግሩን ነው የሚለካው» አሉ። የነገሩኝን ከዚያ ወዲህ ካነበብኩት ጋር አገናኝቼ ላካፍላችሁ፤ አቅሙ እንደኔ የሆነ ሰው ይጠቀምበት ይሆናል።

አንደኛ፣ ጠባብ ክፍል ራሱ እንደ ከበሮ ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። 4 ሜትር ሄዶ ከግድግዳ ተጋጭቶ ሲመለስ 8 ሜትር ነው፤ ይህም በሰከንድ 43 ጊዜ ገደማ የሚርገበገበውን ወፍራም ድምፅ ክፍሉ ራሱ እንዲያጎላው ያደርጋል። በ3 ሜትሩ በኩል ደግሞ 57 ገደማ ነው። የመድፍና የነጎድጓድ ድምፅ የሚኖረው እዚሁ አካባቢ ነው። ዉፈሩን ማዕዘን ውስጥ ማስቀመጥ ከበሮውን በሁለት እጅ እንደ መምታት ነው። ብሎኬት ይህን ድምፅ አይውጠውም፤ መልሶ ይወረውረዋል። የአቡጀዲ ኮርኒስ ያለው ቤት ይሻላል፤ ወፍራሙ ድምፅ በኮርኒሱ አልፎ ይወጣል። ሌላም ነገር አለ፤ ወፍራም ድምፅ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ ጆሮ መለየት አይችልም። እቴቴ መድፉን ከቴሌቪዥኑ ያልሰሙት ለዚህ ነው፤ ከወለሉ፣ ከግድግዳው፣ ከሁሉም በኩል ነው የሰሙት። እግራቸው የደነገጠው በከንቱ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ቃል የሚኖረው ሌላ ቦታ ነው። ከን ከቀ፣ ተን ከጠ፣ ሰን ከጸ የሚለየው ያ አጭር ፍንጣቂ ቀጭን ድምፅ ነው፤ አብዛኛው በሰከንድ ከ2,000 እስከ 4,000 ጊዜ በሚርገበገበው አካባቢና ከዚያም በላይ ይገኛል። ወፍራሙ ድምፅ ሲበዛ ይህን ይሸፍነዋል። አባባ ከመጀመሪያውም ቀጭኑን በደንብ አይሰሙም፤ ዉፈር ስጨምርባቸው በደከመ ዓይን ላይ ጭስ እንደ መልቀቅ ነው። ስለዚህ ስፒከር ሲመረጥ መፈተኛው ጭፈራ አይደለም፣ ወሬ ነው። ዜና ወይም ትረካ በስልካችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ «ተራ»ና «ጠራ»፣ «ከበረ»ና «ቀበረ» ተለይተው ይሰሙ እንደሆነ አዳምጡ። ቀጥሎ መሰንቆ ክፈቱ። መሰንቆው አፍንጫው ተይዞ እንደሚዘፍን ሰው ከሆነባችሁ ተዉት።

ሦስተኛ፣ ዋት አያታላችሁ። የአምፕሊፋየሩ ኃይል ከ10 ዋት ወደ 100 ዋት ቢያድግ ለጆሯችን አሥር እጥፍ አይደለም የሚሆነው፤ እጥፍ ያህል ብቻ ነው። ካርቶን ላይ የሚጻፈው ትልቁ ቁጥር ብዙ ጊዜ ለቅጽበት እንኳ የማይቆይ ኃይል ነው፤ መጠየቅ ያለበት «አር.ኤም.ኤስ.» የሚባለው፣ ሳይቋረጥ የሚሰጠው ኃይል ነው። ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ለሚቀመጥ ሰው ደህና ስፒከር በአንድና በሁለት ዋት ይበቃዋል። የቀረው ለጎረቤት ነው።

አራተኛ፣ በትንሽ ገንዘብ ስድስት መናኛ ስፒከር ከመግዛት ሁለት ደህና መግዛት ይሻላል። ሁለቱ እኩል ሲናገሩ ድምፁ ከመካከል፣ ከተዋናዩ አፍ የወጣ ይመስላል። ያገለገለ ቢሆንም አትናቁት፤ የእንጨት ሳጥኑን በጣት አንኳኩ፣ እንደ ባዶ ጣሳ የማይጮኸው ይመረጣል። የስፒከሩን ጠርዝ ተመልከቱ፤ ጎማ ከሆነ ዕድሜ አለው፣ ስፖንጅ ከሆነ ግን ከጊዜ በኋላ ይበሰብሳል፣ ስትነኩትም ይፈረፈራል።

አምስተኛ፣ አቀማመጡ ገንዘብ አይጠይቅም። ሁለቱ ስፒከሮችና ተቀማጩ ሰው ሦስት ጎኑ እኩል የሆነ ጉልቻ ይሥሩ። ስፒከሩ በተቀማጩ ጆሮ ቁመት ይሁን፤ ቡፌ ላይ ወጥቶ ጣሪያ አይናገር። ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ፈቀቅ ይበል፣ በተለይ ከኋላው ቀዳዳ ያለው ከሆነ። ከቴሌቪዥኑ ጋር በገመድ አገናኙት፤ ብሉቱዝ ድምፁን ስለሚያዘገየው ሰውየው አፉን ከዘጋ በኋላ ነው የሚናገረው። መብራት ከፍ ዝቅ በሚልበት ከተማ ስታብላይዘር አትርሱ።

ስድስተኛውን ጋሼ የነገሩኝ ስወጣ በር ላይ ነው። «ባና አላችሁ?» አሉኝ። ባና የሌለው የደብረ ብርሃን ቤት ይኖራል? በ1957 ዓ.ም. የተመረቀው የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያለባት ከተማ ናት፤ ከዚያም በፊት የመንዝ ሰው የበጉን ፀጉር ፈትሎ ባና ሲሠራ ኖሯል። ወፍራም የሱፍ ጨርቅ ባዶው ብሎኬት ላይ ሲሰቀል ከግድግዳ ተመልሶ ቃሉን የሚያደበዝዘውን ድምፅ ይውጠዋል። ወፍራሙን ድምፅ ግን አይነካውም፤ ለወፍራሙ መድኃኒቱ ከመጀመሪያው አለማምጣት ነው።

ይህን ስሰማ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አዳራሽ ታየኝ፤ ወፍራም የጭቃ ግድግዳ፣ ወለሉን የሞላ ምንጣፍ። ያቺ ማበጠሪያዋን የምትነካ ትንሽ ሳጥን ለመደመጥ የተመቸ ክፍል አግኝታ ነበር። መድፉ የተተኮሰው ደጅ ነው። የጥንቶቹ ይህን ያህል ያውቁ ነበር፤ መድፍ የደጅ ነው፣ ሳጥን የቤት ነው። ጠመንጃው ወደ ቤት ገብቶ ከሳጥኑ ጋር አንድ ምንጣፍ ላይ መከመሩ ነው የተበላሸው ነገር። እኔም ባለፈው ዓመት ያደረግሁት ከዚህ የተለየ አይደለም፤ እንዲያውም መድፉን ሳጥኑ ውስጥ ከትቼ፣ በገዛ ገንዘቤ ገዝቼ፣ ከመድፍ ሸሽተው የመጡ ሰው አጠገብ አስቀመጥኩት።

በመጨረሻ የገዛሁት ያገለገሉ ሁለት የእንጨት ስፒከሮችና አንድ ትንሽ አምፕሊፋየር ነው። የሁሉም ዋጋ ግማሽ ኩንታል ጤፍ አይሞላም። ዉፈር የለም። ፊልም የሚያውቁ ጓደኞቼ መጥተው «ይኼ ነገር ጉልበት የለውም» ብለውኛል። እውነታቸውን ነው። ፍንዳታ ሲመጣ በእኛ ቤት «ዱብ» ብሎ ያልፋል፤ ፍንዳታ መሆኑ ይገባናል፣ አይደርስብንም።

ባናውን ለመስቀል ስነሣ የተገኘው ንጹሕ ባና የእቴቴ ነበር። ከሸዋ ሮቢት ሲወጡ ትከሻቸው ላይ የነበረ ነው። ልጠይቃቸው ፈርቼ ስዞር እርሳቸው ራሳቸው አጣጥፈው ሰጡኝ። «ለብርድ ሌላ አለኝ» አሉ። አሁን ከአባባ ወንበር ጀርባ ተሰቅሏል።

የመጀመሪያው ማታ ፊልም አልከፈትኩም። አንድ የትረካ ፕሮግራም አገኘሁና ከፈትኩላቸው። አባባ ጆሯቸውን እንደ ልማዳቸው ወደፊት አዘነበሉ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ኋላ ተደግፈው ተቀመጡ። ትንሽ ቆይተው ሳይጠየቁ «ከበረ ነው ያለው» አሉ። በዚያ ትረካ ውስጥ «ከበረ» የሚል ቃል አልነበረም፤ የድሮውን እያስታወሱ እንደሚቀልዱብን የገባን ቆይቶ ነው።

እቴቴ ፈትላቸውን ይዘው በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ጫማቸውን አውልቀዋል። ተራኪው ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ምሥጢር ሊናገር ሲል እንዝርቷን አቆሙና ወደኔ ዞረው፣

«አንተ ልጅ፣ እስቲ ትንሽ ከፍ አድርገው» አሉኝ።